የታመመ ባልም ባል ነው

(ድሬዳዋ ውስጥ ለአረጋውያን ቀን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ያደረገችው ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ሲስተር፣ ስለ እርጅናና ስለ ፍቅር ትንሽ በይልን» አሉኝ። ደነገጥኩ። ድሬ ውስጥ ስለ ፍቅር የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነው ነርስ የሚጠራው? እኔ የማውቀው የደም ግፊት ነው፤ የአልጋ ቁስል ነው፤ የሽንት ቱቦ ነው። «እሱንም ቢሆን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይዤው መጥቻለሁ፤ እራት ያልበላችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ።

መስከረም 21 የዓለም የአረጋውያን ቀን ከሆነ ቆይቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ ሲደርስ ለሽማግሌዎች ጋቢ እናለብሳለን። በድሬ ሙቀት፣ በመስከረም፣ ጋቢ! ሽማግሌዎቹም ላባቸውን ጠርገው ያመሰግናሉ።

ጋቢውን አልጠላሁትም። ግን ስናለብስ ፎቶ የምናነሳው አንድ ሰው ነው፤ አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ውጭ ናት። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለቱ ነው። ሐሳቤም አንድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲታመም እኛ፣ ማለቴ ጎረቤቱ፣ ልጆቹ፣ እኔን መሰሉ የጤና ባለሙያ፣ አንዷን አስታማሚ ሌላውን በሽተኛ ብለን እንመዘግባቸዋለን። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት መሆናቸው ይረሳል። ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ፍርድ ቤት ሳይቆም እናፋታቸዋለን።

ድሬ መጤ የሠራት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ስለከበደ ከታች ቀረ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። የመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። ኦሮሞውና ሶማሌው አገሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ከደጋው አማራው፣ ጉራጌው። ዛሬ ሰባ ሰማንያ የደፈኑት ባልና ሚስቶች የዚያ ድብልቅ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ሲጋቡ ከሁለቱም ወገን የሥጋ ዘመድ በበቂ አልነበረም፤ የሥራ ጓደኛ ሚዜ፣ የግቢ ጎረቤት እናት አባት ሆኖ ነው የተዳሩት። አሁን ደግሞ ልጆቻቸው በተራቸው ሄደዋል፤ ጅቡቲ፣ አዲስ አበባ፣ ዓረብ አገር፣ ካናዳ። ይደውላሉ፣ ብር ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ብር ግን ሰውን ከጎን ወደ ጎን አያገላብጥም። እርጅና ሲመጣ ግቢው ውስጥ የሚቀሩት እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

የማነሳቸው ባልና ሚስት ቤታቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስማቸውን አልጠራም። ሚስትየዋ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ «ስሜን ከጠራሽ ግን ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ለዚያ ሁሉ የሚፈላ ቡና የለኝም» ብላለች። እሱና እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከደጋ የመጣችሁ እንዳይከፋችሁ፤ እኛ ድሬዎች አንቱ ከተባባልን የተጣላን ይመስለናል።

እሱ የባቡር ሰው ነው፤ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። የተወለደው ከቁልቢ በታች ገጠር ውስጥ፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። አማርኛን ከሰፈር፣ ፈረንሳይኛን ከመሥሪያ ቤቱ፣ ሶማሊኛን ከተሳፋሪው ለቀመ። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ነበረች። የሽመና ክፍል ጩኸት ምን እንደሆነ ይህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁ አላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እንኳ አይደማመጡም። እዚያ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴቶች ሁለት ነገር ይዘው ይወጣሉ፤ የደከመ ጆሮና ከንፈር አይቶ ንግግር የማወቅ ችሎታ። እሷ ሁለቱንም ይዛ ወጥታለች።

አንድ ቀን ጠዋት እሱ ሸሚዙን ሊቆልፍ ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። አፉ በቀኝ በኩል ወረደ። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ታሸለት። ሆስፒታል የደረሰው በማግስቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ላቁም። ስትሮክ በሰዓት የሚቆጠር በሽታ ነው። ፊት በአንድ ወገን ከወረደ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ የምትሄዱት ያኔውኑ ነው። ዳማከሴው አይጠፋም፤ በኋላ ታሹታላችሁ።

የተጎዳው የግራው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ያዘው፤ ከሁሉ የባሰው ግን ንግግሩን ወሰደው። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ምን ማለት እንደፈለገም ያውቃል፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 እ.ኤ.አ. ያገኘው አንድ ሕመምተኛ «ታን» ከምትል ድምፅ ሌላ ብዙም መናገር አይችልም ነበር፤ የሚሉትን ግን ይረዳ ነበር። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ፤ ጉዳቱ በግራ ፊት ለፊት በኩል ተገኘ። እንግዲህ ንግግር ጠፋ ማለት አእምሮ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ሕክምናው ካወቀ መቶ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እኛ ሰፈር ግን ወሬው ገና አልደረሰም።

ጠያቂ ይመጣል። እሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እያየ፣ እየሰማ፣ እሷን ይጠይቋታል፤ «ይበላል? ያውቅሻል? ሽንቱን ይቆጣጠራል?» እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «ምስኪን! ሰው መለየት ትቷል» ይላሉ። ኧረ ለይቷችሁ ነው የዞረው!

እሷም መጀመሪያ ላይ መላው ጠፍቷት ነበር። ጆሮዋ ደካማ ነው፤ ከእሱ ጋር ስትግባባ የኖረችው ግማሹን በጆሮዋ ግማሹን በዓይኗ ነው። አሁን የምታየው ከንፈር በአንድ ወገን አይንቀሳቀስም። ምን አደረገች? ወንበሯን ወደ ግራው አዞረች። ሁልጊዜ በግራ በኩሉ ትቀመጣለች፣ ጤነኛውን የአፉን ጫፍ እያየች። ማንም አላስተማራትም። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ያልተማርኩትን እሷ ከፋብሪካ ይዛው መጥታለች።

ከዚያ የወተቷ ሴት መጣች። ጠዋት ጠዋት ከገጠር ወተት የምታመጣ ሴት ናት። በር ላይ ቆማ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ»፣ እንደምን አደራችሁ፣ አለች። ከውስጥ «ነጋ»፣ ሰላም፣ የሚል የኦሮምኛ መልስ ወጣ። ጥርት ያለ! ሚስት የያዘችው ጣሳ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለወራት አንዲት ቃል አውጣልኝ ብላ ስትለምነው የከረመችው እሷ ናት። እኔ ጋ ስትመጣ ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ነበር የያዛት። «ለእኔ የነፈገኝን ለወተት ሻጭ ከየት አመጣው? እኔ ለእሱ ምኑ ነኝ?» አለችኝ። በሰባ ምናምን ዓመቷ ቀናች አቦ!

አስረዳኋት። ሰላምታ፣ ቁጥር መቁጠር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ስድብም ጭምር፣ ሰው ሳያስበው ከአፉ የሚወጣ ነገር ነው። አዲስ ዓረፍተ ነገር አስቦ ከመናገር በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በስትሮክ ሲመታ ቋንቋዎቹ ሁልጊዜ እኩል አይመለሱም። አንዳንዱ አፉን የፈታበት ይቀድምለታል፤ አንዳንዱ አብዝቶ ሲናገርበት የኖረው። ለየትኛው ሰው የትኛው እንደሚቀድም ሐኪምም አስቀድሞ አይነግራችሁም። አራት ቋንቋ በአንድ ግቢ በሚነገርባት ከተማ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። አባታችሁ እናንተ በማትሰሙት ቋንቋ መለሰላችሁ ማለት ጠላችሁ ማለት አይደለም።

ሚስትየዋ ከእኔ ዘንድ ሄዳ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ለወተቷ ሴት ወንበር ሰጠቻት። ሻይ አቀረበችላት። ሴትየዋም ወተቷን ሸጣ ስትመለስ ገባ ትልና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው ታወራዋለች። እሷ ራሷ የምታውቀው የገበያ ኦሮምኛ ነበር፤ ዋጋ ትከራከርበታለች እንጂ ባል አታባብልበትም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ተማረች። ከዚያች ወጣት ሴት፣ ባሏን እንዴት እንደምታናግረው።

ሁለተኛው ነገር የራሷ ግኝት ነው። በቃሉ የሚያውቀው ሌላ ምን አለ ብላ አሰበች። «አባታችን ሆይ» ብላ ስትጀምርለት እስከ መካከሉ ይከተላታል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የድሬ እሳት ሲወርድ፣ ባዶ ካርቶን ቀዳ እያራገበችው «ሁርሶ» አለች። ዝም አለ። «ሁርሶ» ደገመች። «ኤረር» አለ። «አፍደም» አለች። «መኢሶ»። «አዋሽ»። እየተቀባበሉ አዲስ አበባ ገቡ! ዕድሜውን በሙሉ በየፉርጎው እየዞረ የተጣራው የጣቢያ ስም ነው፤ አፉ ያውቀዋል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የድሮው መስመር ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ባቡር አያስኬድም፤ አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። አንዳንድ ቀን ሆን ብላ አንድ ጣቢያ ትዘላለች። ያኔ ይቆጣል፤ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይመታል። «ሲቆጣ ደስ ይለኛል» ትላለች፤ «ባሌ ነዋ የሚቆጣው!»

አሁን ወደማይወደደው ልግባ። ፍቅር ሰው ያሽመደምዳል። በሽታው ካሽመደመደው በላይ።

እሱ ግራ እጁ ደህና ነው። እሷ ግን ታጎርሰዋለች። ቁልፉን ትቆልፍለታለች፣ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ሲጠየቅ ትመልስለታለች፣ ሊነሳ ሲሞክር «ተው፣ ይደክምሃል» ትለዋለች። ጉርሻ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ ማን ይከለክላታል? እኔ ከለከልኳት። ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል፤ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቅና ሲነኩት ያስጮኻል፤ አንጎልም ያጣውን መልሶ የሚማረው ደጋግሞ በመሥራት ነው። ሌላም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚጎርስ ሰው በመጨረሻ ልጅ ይሆናል። ልጅ ደግሞ ባል አይሆንም።

«ምን ላሠራው?» አለችኝ። ምስር ስጪው አልኳት። ሰፌድ ላይ ምስር ዘርግታ ከፊቱ አኖረች። በግራ እጁ ጠጠሩን እየለየ መልቀም ጀመረ፤ ለጣቶቹም ለዓይኑም ደህና ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አንድ እፍኝ ለመልቀም ረፋዱን ፈጀ። ጎረቤት ገብታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ወይ ጉድ! ያን የመሰለ ሰውዬ ምስር ታስለቅሚዋለሽ?» ነገሩ ሰፈር ዞረ። እሷ ተሸማቀቀች፣ ሰፌዱን መደበቅ ጀመረች። እሱ ግን በማግስቱ በግራ እጁ ወደ ጓዳ አመለከተ። አልገባትም። እንደገና አመለከተ። ሰፌዱን ነበር የሚጠይቃት። ያን ቀን የተበላው ወጥ ውስጥ ጠጠር ነበረበት ትላለች፤ ዝም ብላ በላችው።

ከዚያ ወዲህ የጡረታውን ብርም መልሳ ከፊቱ ትዘረጋለች። ድሮም ቆጥሮ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። ለዘይት፣ ለመብራት፣ ለመድኃኒት እያለች ስትጠራ እሱ ብሩን ለየብቻው ይከፍላል። ይሳሳታል። ታርመዋለች፤ ይከራከራል፣ ያለ ቃል። የቤቱ ቁልፍም አንገቱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

እዚህ ላይ ነርስነቴ ይነሳብኛል፤ ትንሽ ታገሱኝ። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ይቸግረው ይሆናል፤ ውሃ የመሰለ ቀጭን ነገር ደግሞ ከወፍራም ይልቅ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይሾልካል። ሆጃ የምንለውን ትኩስ መጠጣችንን ካላጠጣሁት ብላችሁ አስተኝታችሁ በማንኪያ አታንቆርቁሩ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ዋጥ እስኪያደርግ ጠብቁ። እየጠጣ የሚያስለው ወይም ድምፁ የሚረጥብ ከሆነ ባለሙያ ይየው፤ እስከዚያ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። የማይገላበጥ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ቁስሉ የሚጀምረው ከመቀመጫው አጥንትና ከተረከዝ ነው። ስለ ሙቀቱም አስቡ። ሐረር ቀዝቀዝ ትላለች፤ እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ግንቦትና ሰኔን ታውቁታላችሁ። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ሰውነቱ ውሃ እያለቀበት እሱ አይጠማውም። መናገር የማይችለውማ እንዴት ብሎ ይጠይቅ? በሰዓት አጠጡ።

መድኃኒት መካፈል የሚባል ነገርም አለ። ሁሉን ተካፍለው የኖሩ ሰዎች ኪኒንም ይካፈላሉ! የእሱ ሲያልቅ የእሷን፣ የእሷ ከፋርማሲ ሲጠፋ የእሱን። «ሁለታችንም ግፊት ነን አይደል?» ይሉኛል። የእሱ አምሎዲፒን፣ የእሷ ውሃ የሚያስወጣ ሊሆን ይችላል፤ የኩላሊቱ ሁኔታ ይለያል፣ መጠኑ ይለያል። ደግሞም ለሁለት የተካፈለ መድኃኒት ሁለቱንም ሳያድን ያልቃል። በዚህች ብቻ ተሳሰቡ ሳይሆን ተነፋፈጉ እላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንደጣላት የረሳ የለም። በአሥር ሺዎች ታመምን። ትንኟ በቀን የምትነክስ፣ ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል የምትራባ ናት። ትኩሳቱ ይለቃል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ጎልማሳውን አጉብጦ ያስኬዳል። ሰፈሩ በሙሉ ተኝቶ ነበር፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አልጋ ላይ። እሷም ወደቀች።

እኔ ትንሽ ሲሻለኝ እያነከስኩ ሄድኩ። ስገባ ወለሉ ከጓዳው በር እስከ አልጋው ድረስ እርጥብ ነው። እሱ በግራ እጁ ጆግ ይዟል። ምርኩዙን ትቶታል፤ ያለው አንድ እጅ ነው፣ ወይ ጆግ ወይ ምርኩዝ። ስለዚህ በማይሠራው ወገኑ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። የሸሚዙ ቀኝ ትከሻ በኖራ ነጭ ሆኗል። ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ይቀራል። የተረፈውን ከራስጌዋ ያስቀምጥና ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይመለሳል። ፓራሲታሞሉን ከማሸጊያው በጥርሱ ቀዶ ነው ያወጣላት። እጄን ዘርግቼ ጆጉን ልቀበለው ስል በዓይኑ ገላመጠኝ። ቁጭ አልኩ።

ኋላ ስጠይቃት «ያን ሰሞን አስታማሚዬ እሱ ነበር» አለች። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ክፉ አስታማሚ! ፍራሼን ሁለት ቦታ አርጥቦብኛል።» ይህን ስትል ፊቷን ብታዩት! ከዚያ ቀን በፊት እሷ ሰጪ እሱ ተቀባይ ነው ብለን የደመደምን ሁላችን ነን። ማንም ሰው ያለ ማቋረጥ ተቀባይ መሆን አይችልም፤ ያዋርደዋል። የሚሰጠው ነገር እንዲኖረው ቦታ መተው አለብን፣ ውሃው ቢፈስም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ከዚህ ብወርድ ውሸታም እሆናለሁ። ይህችው ሴት አንድ ማታ «ሲስተር፣ አንዳንዴ ቢያርፍ ብዬ እመኛለሁ። እሱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ» ብላኛለች። እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ያልዞረ አስታማሚ አላጋጠመኝም። ጥቂቶቹ ይናገሩታል፣ አንዳንዶቹ ለነፍስ አባታቸው ይናዘዙታል፣ የቀሩት ለማንም አይሉም፤ እኔን የሚያሰጉኝ እነዚህ ናቸው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚመኘው እንቅልፍ ነው፤ አፉ ላይ ሲደርስ ሞት ይመስላል። ከዚህ ተነስታችሁ ፍቅሯን አትመዝኑ።

እኛ ግን ምን እንላታለን? «ወርቅ የሆነች ሴት! ጽድቋን እዚሁ ጨረሰች!» እንላታለን። ከዚያ ጫማችንን አድርገን እንወጣለን። ምስጋናችን የመውጫ በር ሆኗል። ወርቅ ናት ካልናት በኋላ ማን ያግዛት? ወርቅ እንቅልፍ አያምረውም።

ሚስት ስትታመምስ? እዚህ ወንዶቹን ላስከፋ ነው። ባየሁት መጠን ሚስት ስትታመም ከገጠር የእህት ልጅ ትጠራለች፣ ወይ ሴት ልጅ ሥራዋን ትተዋለች። ባልየውን «አይዞህ» እንለዋለን፤ ሳህን የሚያስይዘው የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የመከባበርና የመተጋገዝ ግዴታ የጣለው በሁለቱም ላይ ነው፤ ለባል የተጻፈ የተለየ አንቀጽ የለም።

ሐረር ጁገል ውስጥ ያወቅኩት አንድ ሰው ግን ሕጉንም ሳያነብ ሠርቶበታል። የሚስቱ በሽታ የመርሳት በሽታ ነው፤ እኛ «ጃጀች» ብለን የምናልፈው፣ አሎይስ አልዛይመር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ታሪክ ይዞ ለባልደረቦቹ ያቀረበው። ሴትየዋ በየቀኑ እናቷን ትጠይቃለች። እሱ መጀመሪያ እውነቱን ይነግራት ነበር፤ «እናትሽ ከሞተች ስንት ዘመኗ!» እሷ በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ ትሰማና ታለቅሳለች። በኋላ ተወው። «ብትመጣ ምን ትያት ነበር?» ይላታል አሁን። እሷ ታወራለታለች፣ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ቤቷ፤ ጥያቄውም ይረሳል። የሐረሪ ቤት ታውቃላችሁ፤ ነደባው፣ የመቀመጫ መደቡ፣ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ያቺ የልጆቿን ስም የረሳች ሴት፣ እንግዳ በባሏ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ተነስታ ታስነሳዋለች።

እሱ ሱቅ ሲሄድ ከአፎቻዋ ሴቶች ጥቂቶቹ በተራ ይቀመጡላት ነበር። አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው፣ ለሠርግና ለለቅሶ፤ ለዚህ ደንብ የለውም። ሴቶቹ ደንብ አልጠበቁም። እኛስ እድር የለንም? ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ጥሩንባ የሚነፋ አለን። ይህ ሁሉ ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ ካርታ እየተጫወተ የሚያድርለት ሰው፣ በሕይወት እያለ ሁለት ሰዓት አልተቀመጠለትም።

የምጠይቃችሁ እሱን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት። ገንዘብ አላልኩም። ገብቶ ከእሱ ጋር የሚቀመጥ ሰው። ወንድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የድሮ የባቡር ሰው ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ስለ እሱ ሳይሆን እሱን የሚያወራ። ቃል እስኪወጣለት ቸኩሎ የማይሞላለት። እሷ በዚያ ሰዓት የትም ትሂድ፤ የት ሄድሽ ተብላ አትጠየቅ።

እነሱ ሰፈር እንዲህ ተጀምሯል። ያቺ ሴት የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ምን አደረገችበት? እኔ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ወይ ከጎረቤት ቤት ጋደም ትላለች ብዬ ነበር። ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች! ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ መጣች። ከፊቱ ቆማ ዞር ብላ አሳየችው። አየ፣ አየ፣ ግራ እጁን አነሳና አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር አፋተገ። «ስንት?» አለ።

በአማርኛ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ታግዬ፣ በአማርኛ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ይሁን?» ብላ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ዋጋውን ግን ቀንሳ ነው የነገረችው።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ እንስማ፤ የእድር ዳኞች ከፊት ወንበር ላይ ናችሁና ከእናንተ እንጀምር።